ጭሱ በየት በኩል እየወጣ ነው?

የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የማርሚታ ናቸው። እኛ ጋራዥ ውስጥ ያደግን ሰዎች ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ኋላው ጫፍ ያለውን ቧንቧ ሁሉ «ማርሚታ» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ድስት ማለት ነው። በትክክል ማርሚታ የሚባለው ድምፅ የሚያፍነው ድስት መሳዩ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ሙሉውን መንገድ «የጭስ መስመር» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ማርሚታ ስል ድስቱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2005 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። የምኖረው ሰሚት ነው፤ ጠዋትና ማታ ሁለት ልጆቼን አራት ኪሎ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው አመላልሳለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች። መካኒኬ ከሥር አይቶ «መስመሩ ትንሽ ተበስቷል፤ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቦሎ ሲደርስ እናስበይደዋለን» አለኝ። እኔን ያሳሰቡኝ ግን ልጆቹ ናቸው። ማታ መገናኛ ላይ ተጨናንቀን ስንቆም ትንሿ «ራሴን» ትላለች። ቤት ስንደርስ ሁለቱንም ከእንቅልፍ ቀስቅሼ ነው የማወርዳቸው። ውስጥ የጭስ ሽታ አለ፤ መስኮት ስዘጋ የሚቀንስ ይመስለኛል። ከመኪናዋ ጋር ይገናኛል?

*የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሚት*

መልስ፦ እህቴ፣ ሳይገናኝ አይቀርም። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑልኝ፤ ነገ ጠዋት ልጆቹ በዚያች መኪና አይሂዱ። ታክሲ ይያዙ፣ ጎረቤት ያስቸግሩ፣ ብቻ መኪናዋ ትቁም።

«ድምፅ ብቻ ነው» የሚለውን መልስ ከብዙ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ፤ በወጣትነቴ እኔም ብዬዋለሁ። ድምፅ ከወጣበት ቀዳዳ ጭስም ይወጣል። ጭሱ ከኋላው ጫፍ ሲወጣ መኪናዋ እየሄደች ትታው ታልፋለች። ከመሀል ሲወጣ ግን የሚወጣው ከእግራችሁ ሥር ነው። መገናኛ ላይ ስትቆሙ የሚበትነው ነፋስ አያገኝም፤ ወለሉ ሥር ይጠራቀምና ባገኘው ክፍተት ወደ ላይ ይገባል።

በጭሱ ውስጥ ቀድሞ ሰው የሚጥለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። እርስዎን የሚሸትዎ ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚንና ሌላው ጭስ ነው። ስለዚህ መስኮት ሲዘጉ ሽታው ቀነሰ ማለት ጋዙ ቀነሰ ማለት አይደለም። ይህን ጋዝ ሁላችንም በሌላ መንገድ እናውቀዋለን። ከሰል ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን መርዶ የማያውቅ ሰፈር የለም፤ የገደላቸው ይኸው ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ከያዘም ቶሎ አይለቅም፤ ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጦም ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

ልጆቹን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። ሲገቡም «ራሳቸውን ያማቸዋል» ብቻ ብለው አይቁሙ፤ «በመኪና ጭስ ተመርዘው እንዳይሆን» ብለው በግልጽ ይንገሩ። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ተራው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ይህን ያህል የምወተውተው ስለደረሰብኝ ነው። በ1989 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ መሀል መስመሩ ተበስቶ መጣ። ሹፌሩ ቸኩሏል። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ቀዳዳው ላይ ጠቀለልኩና በሽቦ አሰርኩለት። ድምፁ ጠፋ፤ ከፍሎኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ሳሪስ ላይ በሩ ሥር ወደቀ። ልጁ ጿሚ ነበርና ሁላችንም «ጾሙ ነው» አልን፤ ውሃ አፈሰሱበት፣ አየር ላይ ሲያስቀምጡት ነቃ። በማግሥቱ ደግሞ አዞረው። ታክሲውን ያኔ ወደ አለቃዬ ይዘውት መጡ። አለቃዬ አንድም መፍቻ አላነሳም። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ) አስነሳና ተንበርክኮ መዳፉን ከበሩ መርገጫ ውስጥ፣ ምንጣፉ ከተገለጠበት ጥግ ላይ ለጥቂት ጊዜ አስቀመጠ። ሲያነሳው መዳፉ ላይ ጥላሸት ነበር። ለእኔ ነው ያሳየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ቆርቆሮዬ ድምፁን አፍኖ ጭሱን በጎን በኩል ሽቅብ ወደ መርገጫው ልኮት ነበር። ልጁ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጭሱ የት እንደሚሄድ ሳላይ መኪና አስረክቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ቪትዝዎ። መጀመሪያ ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ፤ ግማሹ ሥራ ዐይን ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠዋት፣ መኪናዋ አድራ ስትቀዘቅዝ ይሁን፤ የሠራ ሞተር አጠገብ ያለው ቧንቧ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። የጋራዥ ጉድጓድ ካለ እሱ ይሻላል፤ ከሌለ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋል፤ ድንጋይ አይሆንም።

ከሞተሩ ይጀምሩ። ቧንቧው ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በዳዶ የሚታሰርበት ቦታ አለ። እዚያ ዙሪያ እንደ ከሰል የጠቆረ መስመር ካዩ በመሀላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልቋል ወይም ብረቱ ተሰንጥቋል። ይህ ቦታ ሲያፈስ ጠዋት ሲነሳ «ጭ ጭ ጭ» የሚል ድምፅ አለው፤ ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋና ስለሚገጥም ድምፁ ይጠፋል፤ ሰውም «ለቀቃት» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ወረድ ሲሉ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሽቦ ቱቦ ያገኛሉ፤ ፍሌክሲብል ነው። ነዳጅ ሲሰጡ ሞተሩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወዛወዛል፤ ያንን የሚችለው ይህ ቱቦ ነው። ሽቦው ተበጣጥሶ ጨፍሮ ከወጣ ውስጡም ተቀዷል። በእርስዎ ሁኔታ ቀድሞ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲወጠር ስንጥቁ ይከፈታልና። ፍሌክሲብሉን ሲያስቀይሩ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አብረው ያስፈትሹ። እነሱ ካለቁ አዲሱም ወራት አይቆይም።

ቀጥሎ መሀል ቧንቧውን፣ በተለይ መታጠፊያዎቹንና ብየዳ ያረፈባቸውን ቦታዎች ይዩ። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ደህና ብረት ይጮኻል፤ ከውስጥ የበሰበሰው ደግሞ «ዱብ» ብሎ የዝገት ቅርፊት ያራግፋል። በመጨረሻም መስመሩ የተንጠለጠለባቸውን ላስቲኮች ይመልከቱ። እኛ አገር ላስቲኩ ሲበጠስ ካላማዳሪያ ቆርጦ ማሰር ልማድ ሆኗል። ካላማዳሪያ በሙቀት ይለጠጣል፣ ቧንቧው ይወርዳል፣ ክብደቱ ፍሌክሲብሉ ላይ ያርፋል፤ ለጥቂት ብር የተቆጠበው ላስቲክ ዋናውን ይሰብራል።

በዐይን ካልተገኘ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ፣ ደጅ፣ አንዱ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሌላው ወፍራም ጓንት አድርጎ የተጠቀለለ ጨርቅ ኋላው ጫፍ ላይ ለ3 ወይም 4 ሰኮንድ ይይዛል። ደህና መስመር ጨርቁን ገፍቶ ይጥላል፤ የተበሳ ግን ከመሀል «ሽሽሽ» ይላል። እኔ የምመርጠው ግን ሞተሩን ሳያስነሱ በኋላው ጫፍ የኮምፕሬሰር አየር በዝቅተኛ ግፊት እየለቀቁ መስመሩን ሁሉ የሳሙና ውሃ መርጨት ነው። አረፋ የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው፤ ማንም ጭስ አይተነፍስም።

ብየዳን በተመለከተ፣ ብረቱ ደህና ሆኖ መጋጠሚያው ብቻ ከተላቀቀ ያስበይዱት፤ ጥሩ በያጅ የሠራው ዓመታት ይቆያል። ዙሪያው በዝገት ከሳሳ ግን ልጥፉ ራሱ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ያንን ቁራጭ አስቆርጠው ያስቀይሩ። ሶማሌ ተራ ፍሌክሲብሉንም ቧንቧውንም ያገኛሉ፤ የድሮውን ይዘው ሄደው ውፍረቱን ያስለኩ። በኤሌክትሪክ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀል፤ አለዚያ የመኪናዋ ኮምፒዩተር ሊቃጠል ይችላል።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም አልጨረስንም። ጭሱ ወደ ውስጥ የገባበት በር አለ። ምንጣፉን ገልጠው በወለሉ ላይ ያሉት የጎማ ክዳኖች በቦታቸው መኖራቸውን ይዩ። የኋላውን በር ላስቲክ ለመፈተሽ ወረቀት በመሀል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይታገልዎ ከወጣ ላስቲኩ አይዘጋም። ሌላም ነገር ልጨምር፤ ለፋሲካ በግ ጭነው፣ ወይም ፍራሽ አልገባ ብሎ የኋላውን በር ከፍተው የሚነዱ ሰዎች አያለሁ። የምትሄድ መኪና ከኋላዋ አየር ትስባለች። በሩ ሲከፈት ከደህና ማርሚታ የወጣውን ጭስ እንኳ መልሳ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። የግድ ከሆነ የፊት መስኮቶች ሁሉ ይከፈቱ፤ ልጅ ግን ኋላ አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የጡረታ መኪናዬ ኮሮላ ናት። ጠዋት ሳስነሳት ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ነጭ እንፋሎትም አለ። ጎረቤቴ ያለ መካኒክ «ቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ ሞተር ይወርዳል» ብሎ አስደነገጠኝ።

*ጡረተኛ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ አባቴ፣ ሞተር አያስወርዱ። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል። መስመሩ ሲግል በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ግን ይጤዝና ይንጠባጠባል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ከጠፋ ጤና ነው። የሚያሳስበው ሞተሩ ግሎም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው፣ የራዲያተሩ ውሃም ከቀን ወደ ቀን ከጎደለ ነው። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ጎረቤትዎ ልክ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ጎማው) አልቋል።

ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ ቤት ብቻ የምትሄድ መኪና ግን ውሃዋን አድርቃ አትጨርስም፤ ማርሚታው ከውስጥ የሚዘገው ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ያንሸራሽሯት። ማርሚታው ሆድ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ካዩም አይደንገጡ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ፋብሪካው ራሱ ውሃው እንዲወጣ የበሳው ነው። በያጅ «ልድፈንልዎ» ካለ እምቢ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአባቴ የ2004 ኮሮላ ራይድ እሠራለሁ። አንድ ሰው ካታሊስቱን በጥሩ ዋጋ ልግዛህ አለኝ። በምትኩ ባዶ ቧንቧ ያስበይድልኛል። «ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ጉልበትም ትጨምራለች» ይላል። ቼክ ኢንጅንም በርቶ ስለነበር ኮምፒዩተር ላይ ስትታይ ፒ 0420 አለች። ልሽጠው?

*ወጣት ሹፌር፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ አትሽጠው ልጄ። ሰውዬው ገንዘብ የሚሰጥህ ለቆርቆሮው አይደለም። ካታሊስቱ በጭስ መስመሩ ላይ ያለ የጭስ ማጣሪያ ነው፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ጥቂት ግራም ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከፍተኛ ነው። ሸክላው ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ሥራውን ይጀምራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያመለጠውን ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም መልሶ ወደ ናይትሮጅን ይለውጣል። ከላይ ለሰሚቷ እናት የጻፍኩትን አንብበህ ከሆነ፣ ያ ጋዝ ከመኪናህ ሲወጣ የሚቀንሰው ይህ ዕቃ መሆኑን ትረዳለህ። አንተ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነህ፤ ሰውም ትጭናለህ።

ነዳጅ ትቆጥባለች የሚለው ለደህና ካታሊስት እውነት አይደለም። የሞተርህን ቤንዚን የሚመጥነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ካታሊስት ማንሳት ምጣኔውን አያሻሽለውም። እውነት የሚሆነው ካታሊስቱ ከታፈነ ብቻ ነው። መታፈኑን እንዲህ ታውቃለህ፤ መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ እንደታነቀ ሰው ትሆናለች፤ ነዳጅ ብትጨምርም አትሄድም። ሲቀዘቅዝ በጡጫህ መታ ስታደርገው እንደ ተሰበረ ጀበና ከተንኳኳ ሸክላው ተሰባብሯል። ጥሩ ጋራዥ ደግሞ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ያስራል፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ግፊቱ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ከሄደ መስመሩ ተዘግቷል።

ፒ 0420 «ካታሊስቱ ሥራውን በደንብ እየሠራ አይደለም» የሚል መልእክት ነው። «ቀይረው» አይልም። ከካታሊስቱ በፊት አንድ ሴንሰር፣ በኋላም አንድ አለ። የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየተወዛወዘ ይውላል፤ ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ የኋለኛው ረጋ ይላል። ሁለቱ አብረው ከተወዛወዙ ኮምፒዩተሩ ያንን መብራት ያበራል። ይሁን እንጂ ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ካለና የውጭ አየር ከገባ ያው ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሳሙናውን ውሃ ርጭ። ቀጥለህ ካታሊስቱን ምን እንደገደለው ጠይቅ። አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) ሳይሠራ ለሳምንታት ከነዳህ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቀጣጠላል፤ ሸክላው ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ ያለብሰዋል። ምክንያቱ ሳይጠፋ አዲስ ብትገዛም ያንኑ ታቃጥላለህ።

መብራቱ እንዲጠፋ ብለው ሴንሰሩን በአጭር ቱቦ ከጭሱ የሚያርቁ አሉ፤ እሱንም እምቢ በል፤ መኪናዋ ስትታመም እንዳትነግርህ አፏን ማሰር ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። አባትህ ያቺን ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይፈልጓታል፤ ሳታማክራቸው ከአካሏ ምንም አትሽጥ።

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ እጭናለሁ። ከአንድ ወር ወዲህ ጣርማ በር ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ጉልበቷም ወርዷል። አንዱ «ፓምፑን ከፍ እናድርገው» አለኝ። ምን ይሻላል?

*ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓምፑን አታስነካ። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣ አየር አጥቶ ሳይቃጠል ቀረ ማለት ነው። ፓምፑ ከፍ ሲል ናፍጣው ይጨምራል፤ አየሩ ግን ያው ነው። ጭሱ ይብስበታል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል።

ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነውና ሙሉ ጭነት የያዘ አሮጌ ሞተር ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። ያንተ ግን «ከአንድ ወር ወዲህ» ነው፤ ተራራው አልተለወጠም፤ መኪናዋ ላይ የተለወጠ ነገር አለ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ቱርቦ ካላት ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጅህ እየጨመቅህ ተከተል፤ ቅባት ያወዛው ስንጥቅ ካገኘህ አየሩ እየሾለከ ያለው በዚያ ነው። እንጀክተሮቹ የሚፈተሹት ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ መካኒክ የሚዘልለው ደግሞ አለ። ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ የምትስበው የሞተር ፍሬን በጭስ መስመሩ ላይ የተቀመጠ ክዳን ነው፤ ሲሳብ ተዘግቶ ጭሱን ያፍናል፤ ሞተሩም መኪናዋን ይይዛታል። ክዳኑ ጥላሸት ይዞት ወይም ዘንጉ ዝጎ ሲለቀቅ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢከፈትስ? ሲወርዱ ምንም አይታወቅም፤ ሲወጡ ግን ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት ስለማይችል አዲስ አየር አይስብም፤ ጉልበት ያጣል፣ ያጠቁራል። ያንተ ምልክት ቁርጥ ይህን ይመስላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናዋ በጎማ መደገፊያ ታግዳ፣ ረዳትህ ፍሬኑን እየሳበ ሲለቅ አንተ ከሥር ሆነህ የክዳኑን ዘንግ ተመልከት። ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ መመለስ አለበት። ከዘገየ ይፈታ፣ ይጠረግ፣ ዘንጉ ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀባ።

ደግሞም ጋቢና ውስጥ የምታድር ከሆነ፣ ለሙቀት ብለህ ሞተር አስነስተህ አትተኛ። ደብረ ብርሃን ብርዷን አውቃታለሁ፤ ብርድ ልብስ ጨምር።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ የምጽፈው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ማታ ደጅ ያቆምኳት የ2008 ፕሪየስ ጠዋት ሳስነሳት እንደ ትራክተር ጮኸች። ካታሊስቱን ቆርጠው ወስደውታል። አዲሱ እስኪመጣ መሥራት አለብኝና ልንዳት? አንድ ወዳጄ ባዶ ቧንቧ ላስገጥምልህ ይላል።

*የራይድ ሼር ሹፌር፣ ከቨርጂኒያ*

መልስ፦ አትንዳት። መስመሩ የተቆረጠው ከፊት ወንበሮች በታች ገደማ ነው፤ ጭሱ ሁሉ ከወለልህ ሥር እየወጣ ነው። ተሳፋሪም ጭነህ ነው የምትሄደው። ባዶ ቧንቧውም አይሆንም፤ አሜሪካ ውስጥ ካታሊስት አንስቶ ባዶ ቧንቧ መግጠም ለጋራዥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። በቨርጂኒያው ዓመታዊ የደህንነት ምርመራም የጭስ መስመሩ ይታያል።

መኪናዋ ወደ ጋራዥ በመጎተቻ ትሂድ። ከዚያ በፊት የተቆረጡትን ጫፎች ፎቶ አንሳ፤ በመጋዝ የተቆረጠ ብረት ጫፉ ያበራል፣ ዝገት የለውም፤ ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ይጠቅምሃል። ኢንሹራንስህ ኮምፕሬሄንሲቭ ካለው ስርቆቱን ይሸፍናል፤ የሌላውን ሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለው ግን አይሸፍንም። የመኪናህ ዓይነት የተመረጠው በምክንያት ነው። በ2004 እና በ2009 መካከል የተሠሩት ፕሪየሶች በቤንዚንም በባትሪም ስለሚሄዱና ሞተራቸው እያረፈ ስለሚሠራ ካታሊስታቸው ብዙም አይበላም፤ ውስጡ ያለውም ማዕድን ብዙ ነው። ርካሹን ምትክ ከገዛህ ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ፒ 0420 ሊመጣብህ ይችላል፤ ከቻልክ ዋናውን ግጠም። ከሥሩም የአሉሚኒየም ወይም የብረት መከላከያ ሳህን አስበልነው፤ ለሌባ የመጋዝ ጊዜውን ያራዝምበታል።

አዲሱ ተገጥሞ መኪናህን ስትረከብ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ድምፅ አዳምጥ፤ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና ውሃ አስፈትሽ። ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ውስጥ የምታሳድራት ከሆነ ደግሞ ከመውረድህ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት መጥፋቱን እይ። ፕሪየስ ሞተሯ ጸጥ ሲል የጠፋች ትመስላለች፤ ሳትጠፋ ከቀረች ባትሪዋ ሲወርድ ሌሊት ሞተሩን ራሷ ታስነሳለች። ከጋራዡ ወደ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብና በመኝታ ክፍሎቹ አካባቢ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግጠም፤ የሃርድዌር ዕቃ መደብሮች ሁሉ አላቸው።